ከስፒድ ልምምድ በኋላ ጡንቻን በምን ማሳረፍ ይሻላል? ለባሕር ዳር ሯጮች የንጽጽር መመሪያ

ጎህ ሲቀድ በጣና ዳር ብትወጡ የሚሮጥ ሰው አታጡም። አንዳንዱ ለጤናው ነው። አንዳንዱ ግን ሰዓት ይዞ ነው የሚሮጠው፤ 10 ኪሎ ሜትሩን ከ50 ደቂቃ ወደ 45፣ ከ45 ወደ 40 ማውረድ ይፈልጋል። ይህ ጽሑፍ ለሁለተኛው ነው።

ሰዓቱ አልወርድ ያለው ሯጭ መጀመሪያ የሚያስበው ልምምድ መጨመርን ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ሌላ ነው። ትናንት ከሮጥክ በኋላ ምን በላህ? ስንት ሰዓት ተኛህ? ዛሬ ኢዚ (ቀላል) ነው ብለህ የወጣኸው ሩጫስ እውነት ኢዚ ነበር? ከባድ ልምምድ ጡንቻን ያደክማል፣ ክሮቹንም በጥቂቱ ይጎዳል። ጥገናው የሚካሄደው በቀጣዮቹ አንድ ሁለት ቀናት ነው። ጥገናው ሳያልቅ ሌላ ከባድ ልምምድ ከተደረበ እግር ይለግማል፤ ሰዓቱም እዚያው ይቀራል።

ምርጫው ደግሞ ብዙ ነው። አንዱ በረዶ ይላል፣ ሌላው ስቲም (የእንፋሎት መታጠቢያ)፣ ሌላው ወጌሻ፣ ሌላው ኪኒን። ሁሉም እኩል አይሠራም፤ ሁሉም ለሁሉም ቀን አይሆንም። ስለዚህ እዚህ ከተማችን ላይ በእጃችን ያለውን ጎን ለጎን አስቀምጬ የቱ ለማን፣ የቱስ መቼ እንደሚሻል የማምንበትን እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ሕመሙን እንለይ

በስፒድ (በፈጣን ሩጫ ልምምድ) ማግስት ባታችሁ የሚወጠረው፣ ደረጃ ስትወርዱም ጭናችሁ አልታዘዝ የሚለው "ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞ" አይደለም። ላክቴት ልምምዱ ካለቀ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከደም ይጸዳል። የማግስቱ ሕመም የሚመጣው ከጡንቻ ክሮች ጥቃቅን ጉዳትና እሱን ተከትሎ ከሚነሣው ብግነት ነው። ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታል፤ ከዚያ በራሱ ይለቃል።

ቤዛዊት ኮረብታ ወጥቶ የወረደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል እንጂ ጡንቻን በብዛት የሚጎዳው ቁልቁለቱ ነው። ስትወርዱ የፊት ጭናችሁ እንደ ፍሬን ይይዛል፤ እየተለጠጠ ነው የሚሠራው። ጡንቻ እየተለጠጠ ሲሠራ ደግሞ ጉዳቱ ይበዛል። ደግነቱ ጡንቻ ይለምዳል። በመጀመሪያው ቀን ያሳመማችሁን ቁልቁለት ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ብትወርዱት ሕመሙ በጣም ቀንሶ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ቁልቁለቱን በጥቂት በጥቂቱ አስለምዱት እንጂ አትሽሹት።

ሁለቱም እግር እኩል ከዛለ የልምምድ ድካም ነው። ሕመሙ በአንድ ጣት የሚጠቆም ቦታ ላይ ከሆነ፣ አረማመዳችሁን ካስቀየረ ወይም እየሮጣችሁ ከባሰ ግን ጉዳት ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ነገር አይመለከተውም፣ ሐኪም ነው የሚመለከተው።

ባሕር ዳር ላይ ሌላም ነገር አለ፤ ወባ። ሰውነት መቆረጣጠም፣ ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለት ካለ "የትናንቱ ልምምድ ነው" ብላችሁ አትለፉት። የልምምድ ሕመም አያተኩስም። ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን ደም ተመርመሩ።

እንቅልፍ ወይስ የንጋት ሩጫ

ከሁሉ ርካሹ እንቅልፍ ነው፤ ከሁሉ የሚሠራውም እሱ ነው። ለአዋቂ ሰው ከ7 እስከ 9 ሰዓት ይመከራል። ጠንከር አድርጎ የሚሮጥ ሰው ወደ 9ኙ ቢጠጋ ይሻለዋል። የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው እንቅልፍ ጥልቅ በሚሆንበት ሰዓት ነው፤ ለጡንቻ ጥገና የሚያስፈልገው ደግሞ እሱ ነው።

የኛ ከተማ ችግር ፀሐይ ናት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ስለምታቃጥል ሯጩ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ለመነሣት ይገደዳል። ስምንት ሰዓት ለመሙላት ታዲያ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል። ስንቶቻችን ነን በዚያ ሰዓት የምንተኛው? ማታ 5 ሰዓት ተኝቶ በንጋት ስፒድ የሚሠራ ሰው በየቀኑ ጥገናውን ሳያስጨርስ ነው የሚነሣው።

ቡናውንም እዩት። ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ የዘጌ ቡና ተፈልቶ ሦስቱንም ስኒ ከጠጣችሁ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ የካፌይኑ ግማሽ ያህል ገና ሰውነታችሁ ውስጥ ነው። ቡናውን ወደ ምሳ ሰዓት መሳብ ትችላላችሁ። ጎረቤት ጠርቶ መቅረት ነውር ከሆነባችሁ አቦሉን አልፋችሁ በረካውን ጠጡ፤ እሱ ቀለል ይላል። ጫት ደግሞ ጭራሽ እንቅልፍ ነጣቂ ነው፤ ጫትና ስፒድ አብረው አይሄዱም። ቢራም ቢሆን ቶሎ ያስተኛችሁ ይምሰላችሁ እንጂ እንቅልፉን ይቆራርጠዋል፤ የጡንቻውንም ጥገና ያዘገየዋል።

አጎበር መስቀልን እንደ ልምምዳችሁ አካል ቁጠሩት። ከወባም ይጠብቃል፣ ሌሊቱን ሙሉ ትንኝ ስታባርሩ ከማደርም ያድናል።

ምርጫው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፤ ሌሊቱን ከ6 ሰዓት በታች ከተኛችሁ ልምምዱን ልሥራ ወይስ ልተኛ? ኢዚ ከሆነ ውጡ። ስፒድ ከሆነ ግን ተኙና ልምምዱን ወደ አመሻሽ 11 ሰዓት ወይም ወደ ነገ አሸጋግሩት። ፕሮግራም ተበላሸ ብላችሁ አትጨነቁ፤ በአንድ ቀን መሸጋገር የተበላሸ ፕሮግራም የለም። ቀን ላይ ጊዜ ያለው ከምሳ በኋላ 20 ወይም 30 ደቂቃ ቢያሸልብ ጥሩ ነው። ሙያተኛ አትሌቶች ከጠዋቱ ልምምድ በኋላ መተኛትን የሥራቸው ክፍል አድርገው ነው የሚያዩት።

ሙሉ ዕረፍት፣ ኢዚ ሩጫ ወይስ ሳይክል

የብዙ ሯጭ ሰዓት ተገትሮ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ኢዚ ሩጫ የተጎዳውን ጡንቻ በተአምር አይጠግንም። የሚሠራው ሌላ ነገር ነው። ደም ያዘዋውራል፣ የተወጠረውን ያላላል፣ ልብንና ሳንባን ሳይጎዳ ያሠለጥናል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን እውነት ኢዚ ከሆነ ነው። 10 ኪሎ ሜትር በ45 ደቂቃ የሚሮጥ ሰው በውድድር ኪሎ ሜትሩን በ4 ደቂቃ ተኩል ይጨርሰዋል ማለት ነው። ኢዚ ቀኑ ላይ 6 ደቂቃ ገደማ ሊፈጅበት ይገባል። 5 ደቂቃ ከሆነ ኢዚም አይደለም፣ ስፒድም አይደለም። ለዕረፍት በጣም ይፈጥናል፣ ለፍጥነት ደግሞ በጣም ይዘገያል።

መለኪያው ቀላል ነው። ከጎናችሁ ላለው ሰው ስለ ትናንቱ ኳስ ሳታቋርጡ ማውራት መቻል አለባችሁ። በሁለት ቃል መሐል ትንፋሽ ከሳባችሁ ፍጥነቱን ቀንሱ። የጣና ዳር መንገድ ለዚህ ይመቻል፤ ሜዳ ነው፣ ጥላም አለው። ፈተናው ሰው ነው። ከፊታችሁ የሚሮጥ ሰው ስታዩ ማለፍ ያምራችኋል፤ ከኋላ የመጣ ሲያልፋችሁ ደግሞ መከተል። ይለፍ፣ ተዉት። እንጦጦ ጫካ ውስጥ ተራ ይዘው በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ ቀስ ብለው የሚሮጡትን አትሌቶች ያየ ሰው ይገባዋል። ዓለምን የሚያሸንፉት ሰዎች በኢዚ ቀናቸው ለመዘግየት አያፍሩም።

ሳይክል ደግሞ የኛ ከተማ ልዩ ዕድል ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ሳይክል የተለመደ ነው፣ ከጎረቤትም ቢሆን አይጠፋም። ሳይክል ላይ እግር መሬት አይመታም፤ ስለዚህ ደም ይዘዋወራል፣ ጡንቻው ግን አዲስ ምት አይቀበልም። ከቤዛዊት ቁልቁለት ማግስት የፊት ጭኑ ለተሰባበረበት ሰው ከኢዚ ሩጫ ሳይክልን አስበልጥለታለሁ። ባቱ ወይም የተረከዙ ጅማት ለሚወጠርበትም እንዲሁ። ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ በቀላል ማርሽ፣ ላብ ሳይበዛ። ከባጃጅ ጋር እሽቅድምድም አይደለም።

ሙሉ ዕረፍትስ? በሳምንት አንድ ቀን ለሁሉም ያስፈልጋል ባይ ነኝ። ሩጫ ከጀመረ ዓመት ያልሞላው ሰው ደግሞ ከከባድ ልምምድ ማግስት ኢዚ ከሚሮጥ ሙሉ በሙሉ ቢያርፍ ወይም በእግሩ ቢንሸራሸር ይሻለዋል፤ ጅማትና አጥንት ከልብ ይልቅ ቀስ ብለው ነው የሚለምዱት። ልምድ ላላቸው የማረፊያው ምልክት ጠዋት ላይ ይታያል። ከአልጋ ሳትነሡ ሁለት ጣት የእጅ አንጓችሁ ላይ አድርጉና የልብ ምታችሁን ለ60 ሰከንድ ቁጠሩ። በየቀኑ ደብተር ላይ ወይም ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ከተለመደው ከ5 እስከ 10 ምት ከፍ ብሎ ለሁለት ቀን ከቆየ፣ ከዚያ ላይ መነጫነጭና የምግብ ፍላጎት ማጣት ካለ፣ ጫማችሁን አታንሡ።

ሳምንቱን እንዴት እናዋቅረው ለሚል፣ በሁለት ከባድ ልምምዶች መካከል 48 ሰዓት መኖሩ ዋናው ነገር ነው። እኔ የምወደው ማክሰኞ ስፒድ፣ ሐሙስ ዳገት፣ ቅዳሜ ሎንግ (ረጅም ሩጫ) ነው። ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን ስለሆኑ ከኢዚና ከሳይክል ጋር ይስማማሉ፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚስም ሰውም ሳይጣደፍ ያርፍበታል። ሰኞ ኢዚ። ጀማሪ የሆነ ሐሙስን ያውጣው።

በሶ፣ እንቁላል፣ አሳ፣ ሽሮ ወይስ የዱቄት ፕሮቲን

ከከባድ ልምምድ በኋላ ሰውነት የሚፈልገው ያለቀውን ጉልበት የሚተካ ካርቦሃይድሬትና ጉዳቱን የሚጠግን ፕሮቲን ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሯጭ በቀን ከ84 እስከ 108 ግራም ፕሮቲን ቢያገኝ ጥሩ ነው፤ በኪሎ ክብደቱ ከ1.4 እስከ 1.8 ግራም ማለት ነው። ልምምዱን በጨረሰ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ደግሞ 20 ግራም ገደማ ፕሮቲንና 60 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ይፈልጋል። ክብደታችሁ ከዚህ ከበለጠ ወይም ካነሰ በዚያው ልክ አስተካክሉት።

ለካርቦሃይድሬቱ በሶን የሚያህል የለም። 60 ግራም በሶ በውሃ በጥብጣችሁ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማርና ቁንጥር ጨው ብትጨምሩበት የሚያስፈልገው 60 ግራም ይሞላል። ሃይላንድ ውስጥ በጥብጦ ይዞ መውጣት ይቻላል፤ ሩጫው እንዳለቀ ቁጭ ብሎ መጠጣት ነው። ከመጠጣታችሁ በፊት በደንብ ናጡት፤ ታች ይዘቅጣል። ድክመቱ ፕሮቲኑ ማነሱ ነው፤ በዚያ ልክ ከ7 ግራም አይበልጥም። ስለዚህ በሶ መጀመሪያ ነው እንጂ ቁርስ አይደለም።

እንቁላል አንዱ 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ሦስት እንቁላል በዳቦ ከበላችሁ የጠዋቱ ፕሮቲን አለቀ ማለት ነው። ግማሽ ሊትር ወተትም 16 ግራም ገደማ ይሰጣል፤ ሆዱ ወተት ለማይቀበለው እርጎ ይቀላል።

ባሕር ዳር ተቀምጦ አሳ አለመብላት ያስቆጫል። 100 ግራም የቆረሶ ሥጋ 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ጮማ የለውም፣ ቶሎም ይፈጫል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። በዘይት የተጠበሰው ሙሉ አሳ ወዲያው ከልምምድ በኋላ ሆድ ላይ ይከብዳል። ለምሳ ከሆነ ጥብሱን ብሉ። ከስፒድ በኋላ ግን ጉላሹን ወይም ሾርባውን እመርጣለሁ።

ሽሮን የሚንቅ ሯጭ ሳይ አዝናለሁ። 50 ግራም የሽሮ ዱቄት 10 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። እህል የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ አሚኖ አሲድ አተርና ሽምብራ ይሞሉታል፤ ጥራጥሬ የሚያንሰውን ደግሞ ጤፉ ይሞላዋል። ስለዚህ ሽሮ በእንጀራ የተሟላ ምግብ ነው። ከእንስሳት ፕሮቲን ጋር ሲተያይ ግን መጠኑ በዛ ማለት አለበት፤ ወፈር ያለ ሽሮ፣ ከጎኑ ምስር ወይም ቆሎ።

የዱቄት ፕሮቲን አንድ ማንኪያው ከ20 እስከ 25 ግራም ይሰጣል። ይሠራል፤ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ሦስት እንቁላል ከሚሠራው የተለየ ሥራ አይሠራም፤ ዋጋው ደግሞ አይወዳደርም። ጠዋት ከሩጫ በቀጥታ ወደ ሥራ የሚሮጥና ቁርስ የሚያመልጠው ሰው ቢገዛው ይገባኛል። ለሌላው ሰው ገንዘቡ ለጫማ ይሁንለት።

ውሃን በአጭሩ፦ ከሩጫ በፊትና በኋላ ተመዘኑ። አንድ ኪሎ ከቀነሳችሁ አንድ ሊትር ያህል ውሃ በላብ ወጥቷል። በቀጣዮቹ ሰዓታት አንድ ሊትር ከሩብ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ቀስ በቀስ ጠጡ፤ ጨው ያለው ምግብም አብራችሁ ብሉ። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

በጾም ወቅት

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ልምምድ አይቋረጥም፤ አወቃቀሩ ግን ይለወጣል። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ንጋት ላይ ስፒድ ቢሠራ ጡንቻው ጥገና የሚጀምርበትን ምግብ ለብዙ ሰዓት አያገኝም። ጠዋት ኢዚ ሮጦ ስፒዱን ወደ አመሻሽ ማዞር የተሻለ ነው። 9 ሰዓት ላይ ቀለል ያለ ነገር፣ ለምሳሌ ሙዝና በሶ ቀምሶ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ልምምዱን ሠርቶ፣ ማታ ምስር፣ ሽሮና ሱፍ ፍትፍት ጠገብ አድርጎ መብላት። አሳውን በጾም መብላት አለመብላት ለናንተና ለንስሐ አባታችሁ የተተወ ነው። ረመዳን የሚጾም ሯጭ ደግሞ ከባዱን ልምምድ ካፈጠረ በኋላ፣ ኢዚውን ከማፍጠሪያው ቀደም ብሎ ቢያደርገው ውሃውንም ምግቡንም ቶሎ ያገኛል። በሁለቱም ጾም የልምምዱን መጠን መቀነስ ስንፍና አይደለም።

በረዶ ውሃ፣ ጣና ወይስ ስቲም

ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መግባት የማግስቱን ሕመም ይቀንሳል። ይህ በጥናት የታየ ነው። የሚሠራው ግን ውሃው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆንና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሲቆዩበት ነው።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ጣናን የሚያስበው። ሐይቁ አጠገባችን ነው፣ ነፃ ነው፣ ለምን እግራችንን አንነክርም? ሁለት ምክንያት አለኝ። የመጀመሪያው፣ የጣና ውሃ አይቀዘቅዝም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ዲግሪ በላይ ነው። ደስ ይላል እንጂ የበረዶ ውሃን ሥራ አይሠራም። ሁለተኛውና ዋናው ቢልሃርዝያ ነው። በጣና ዳርቻ በሽታው አለ። ተሸካሚው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ዳር ዳሩን፣ ሣርና ቄጤማ ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ነው፤ ሯጩ እግሩን የሚነክረውም እዚያው ነው። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ተውሳክ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ በስቶ ይገባል። ለጡንቻ ተብሎ ጉበትንና አንጀትን ማስጎዳት አይገባም። ከዚህ በፊት የገባችሁ ካላችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ፤ መድኃኒት አለው። በጣና ዳር ሩጡ፣ ጣና ውስጥ ግን አትግቡ።

በረዶ ውሃ የፈለገ ሰው ቤቱ ያዘጋጅ። ባዶ ሃይላንዶችን ውሃ ሞልቶ ፍሪጅ ውስጥ ማጋገር ነው፤ ውሃው ሲጋገር ስለሚሰፋ እስከ አፉ አትሙሉት። ከዚያ በርሜል ወይም ትልቅ ሳፋ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ቀድታችሁ ጨምሯቸው። እስከ ጉልበት ብቻ ቢሆንም ለባት ይረዳል። የተጋገረውን አንዱን ሃይላንድ መሬት ላይ አጋድማችሁ በባዶ እግር ብታንከባልሉትም ውስጥ እግሩ ለሚያመው ሰው እፎይታ ነው።

መቼ? ውድድር ወይም ከባድ ልምምድ በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ከገጠማችሁ። በሌላ ጊዜ አዘውትራችሁ አታድርጉት። በተለይ የጥንካሬ ልምምድ፣ ክብደት ማንሣትና ስኳት (ቁጭ ብድግ) ከሠራችሁ በኋላ አዘውትሮ በረዶ ውስጥ መግባት ጡንቻው እንዳይዳብር ያደርጋል። ሕመሙን የቀነሰው ነገር ዕድገቱንም ይቀንሰዋል ማለት ነው። ጡንቻ የምትገነቡበት ወቅት ላይ ትንሽ ሕመም ቻሉ።

ስቲምና ሳውና ሆቴሎች ውስጥ ይገኛል። ያዝናናል፣ የተወጠረውን ያላላል፣ እንቅልፍም ያመጣል። ከሎንግ በኋላ ወዲያው መግባት ግን በላብ ላይ ላብ ነው፤ መጀመሪያ ጠጡ፣ ብሉ፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግቡ። በየሳምንቱ ብር ከማውጣት ቤት ውስጥ ሞቅ ባለ ውሃ መታጠብ ይበቃል ባይ ነኝ።

ወጌሻ፣ ማሳጅ፣ ሮለር ወይስ ማፍታታት

ማሳጅ የጡንቻ ሕመምንና የድካም ስሜትን በመቀነስ በኩል ጥሩ ስም አለው፤ ይገባዋልም። ቀለል ያለ፣ ከእግር ወደ ላይ፣ ትንሽ ዘይት ያለው። "ካላመመ አይሠራም" የሚለውን አትቀበሉ። ትናንት በስፒድ የተጎዳን ጡንቻ ዛሬ በክርን መጨፍለቅ ጉዳት ላይ ጉዳት መጨመር ነው። ጠለቅ ያለውን ማሳጅ ቢያንስ ሁለት ቀን አቆዩት።

ወጌሻ ጋ ስትሄዱ የሄዳችሁበትን ጉዳይ ለዩ። ባትና ጭን ለማሸት እጃቸው የተባረከ ወጌሻዎች አሉ። ነገር ግን ያበጠ ቁርጭምጭሚት ወይም ጉልበት ሲሆን መሳብና መጠምዘዝ አይፈቀድም። እግራችሁ ክብደታችሁን መሸከም ካቃተው መጀመሪያ ራጅ ተነሡ። ተደጋግሞ ለሚመለስ ሕመም ደግሞ ፊዚዮቴራፒስት ይሻላል፤ የሚያሽ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሚመለስ የሚያይና የማጠናከሪያ ልምምድ የሚሰጥ ነው።

ሮለር (ጡንቻ ላይ የሚንከባለል ድብልብል ዕቃ) ከማሳጅ ያነሰ ቢሆንም ይረዳል፤ ለአንድ ጡንቻ አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ገዝታችሁ ካላገኛችሁ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ወፈር ያለ የፕላስቲክ ቱቦ አስቆርጣችሁ ፎጣ ጠቅልሉበት። አጥንትና መገጣጠሚያ ላይ አታንከባልሉት።

ማፍታታትን በተመለከተ የምለው ብዙዎችን ቅር ሊያሰኝ ይችላል። ከሩጫ በኋላ እግር መሳብ የማግስቱን ሕመም አይከላከልም ማለት ይቻላል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት) ግምገማ ጥናቶቹን አንድ ላይ ሲያይ ልዩነቱ 100 ነጥብ ባለው የሕመም መለኪያ ላይ ከ1 እስከ 4 ነጥብ ገደማ ነው። ደስ ካላችሁ አድርጉት፤ ሰውነት ያቀላል። ጊዜ ከሌላችሁ ግን ያንን 15 ደቂቃ ለቁርስ ስጡት። ኮምፕሬሽን (እግር የሚያጠብቅ) ካልሲ? ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ካላችሁ ልበሱት፣ ከሌላችሁ አትፈልጉት።

ኪኒን

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ በቀላሉ ስለሚገኙ ብዙ ሯጭ ከውድድር በፊት "እንዳያመኝ" ብሎ ይውጣቸዋል። አታድርጉት። በሙቀት ሮጦ ውሃ ያነሰው ኩላሊት ላይ እነዚህ መድኃኒቶች አደጋ ይጨምራሉ፤ ጨጓራንም ያቆስላሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቁም የሚላችሁን ሕመም ይሸፍናሉ። ጣና ውስጥ ከመግባት ሌላ፣ ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ ፈጽሞ አትምረጡ የምለው ይህንን ብቻ ነው። ሐኪም ለጉዳት ካዘዘው ሌላ ነገር ነው፤ በዚያ ጊዜ ግን አትሮጡም።

ለውድድር አዲስ አበባ ለሚሄድ

ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር ላይ ነው፤ ከኛም ከተማ የሚሄድ አለ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ። 500 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥታችሁ ነው የምትሮጡት። እዚህ የያዛችሁትን ፍጥነት ከመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ከጠየቃችሁ ዳገቱ ላይ ትከፍሉበታላችሁ፤ የማግስቱም ድካም ይበረታል። የመጨረሻዎቹን አሥር ቀናት ልምምዱን ቀንሱ። በዚያ ሳምንት አዲስ ምግብ፣ አዲስ ማሳጅ፣ አዲስ ጫማ አይሞከርም።

መመለሻው ላይ ሁለት ምርጫ አለ። በአውሮፕላን ከሆነ አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ በዚያው ቀን መመለስ አይጎዳም። በአውቶቡስ ከሆነ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የዛለ እግርን አጥፎ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ነው። እኔ አዲስ አበባ አድሬ፣ እራቴን በደንብ በልቼ፣ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ተንሸራሽሬ መሳፈሩን እመርጣለሁ። ማደሪያ ለሌለው ሰው የመተላለፊያው ዳር ያለው ወንበር ይሻላል፤ እግር ይዘረጋበታል። መኪናው በቆመ ቁጥር ወርዳችሁ ተራመዱ፣ ውሃውም በእጃችሁ ይሁን። ቤት ከደረሳችሁ በኋላ ለሦስት ቀን ስፒድ የለም፤ ሳይክሏን አውጡ።